ውሃ ብቻ የተሰጣቸው ችግኞች

ሱጉሌ አጭር ሰው ነው። ይህን ቀድሞ መናገር ይሻላል፤ እሱን የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነውና። ጂግጂጋ ውስጥ «የትኛው ሱጉሌ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አጭሩ፣ የኮሌጁ አትክልተኛ» ይባላል፤ በቃ፣ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ሰውየው ራሱ ቅር አይለውም። «ቁመት የአላህ ነው፤ የእኔ ድርሻ ጫማዬን መጥረግ ነው» ይላል። ጫማው ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት ጭቃ እንደለበሰ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ሦስቱም በቁመት ጥለውት ሄደዋል። ሚስቱ ሀምሴ በልጆቹ መሀል ቆሞ ባየችው ቁጥር ሳቋን መያዝ ያቅታታል።

የተወለደው ከአውበሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። የሶማሌ ጦርነት በካራማራ በኩል ሲያልፍ አባቱን ወሰደበት፤ ስደቱ ደግሞ እናቱን። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ድንበር ማዶ፣ የስደተኛ ድንኳን ውስጥ አደገ፤ አደገ ከተባለ። ረሃቡንም ብርዱንም ረስቶታል ብንል ውሸት ይሆናል፤ አልረሳውም፣ ግን አያነሳውም። ከዚያ ዘመን የሚያነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቁርኣን የሚያስቀሩ አንድ መዓሊም ነበሩ። በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ አባት የሞተባቸውን የቲሞች በአንድ መስመር ያስቀምጡና፣ መዳፋቸውን ከግንባር እስከ ማጅራት እያሳለፉ የእያንዳንዱን ራስ ይዳብሱ ነበር። የየቲምን ራስ የዳበሰ፣ እጁ በነካው ፀጉር ቁጥር አጅር፣ ማለትም ምንዳ፣ ይጻፍለታል ይባላል። ወላጅ ያላቸው ልጆች ሌላው ቢቀር የሚቆጣቸው ነበራቸው፤ የቲሞቹ የነበረቻቸው ያቺ መዳፍ ነች። ሱጉሌ ሰው የሆነው በዚያች እጅ እንደሆነ ያምናል፤ ከዚህ እምነቱ የሚያነቃንቀው አልተገኘም።

በ1983 ዓ.ም. ማዶ ያለው መንግሥት ፈርሶ ሕዝቡ ወደዚህ ሲጎርፍ እሱም በእግሩ ተመለሰ። ጂግጂጋ ገብቶ ውሃ ተሸከመ፣ ድንጋይ ፈለጠ፣ ጉድጓድ ቆፈረ። አንድ ቀን በግብርና ኮሌጁ ጊቢ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ችግኝ እንዲተክል በቀን ሥራ ተጠራ። ሃያ ተከለ፤ ሃያዎቹም ጸደቁ። እንዲህ ያለ እጅ ይዘው የሚለቁ ሞኞች አልነበሩምና በዚያው ቀጠሩት።

ዐያን የመጣችው በ2006 ዓ.ም. ነው። የቀብሪበያ ልጅ ናት። አባቷ የሞተው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ እናቷ የግመል ወተት እየሸጠች አስተማረቻት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የቀራት አንድ ጥናት ብቻ ነበር፤ ኮሌጁ ደግሞ አንድ ክፍት የመምህር ቦታ ነበረው። እስከ ሰኔ ማለቂያ ጥናቷን አቅርባ ካለፈች ቦታው የእሷ ነው፤ ካላለፈች ለተከታዩ ይሰጣል። ጊቢው ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ዘበኛው ሳይቀር ቀን ይቆጥርላት ነበር።

ሱጉሌን «አዴር» ትለዋለች፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። ከጊቢው ጀርባ ባለው ላስቲክ ቤት ውስጥ ስድሳ ትንንሽ ባልዲ አፈር አስሞላችው፤ በስድሳው ላይ የቲማቲም ችግኝ አዛወሩ፤ እያንዳንዱን በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉበት። ሲጨርሱ ዐያን በሁለቱ መደዳዎች መሀል ቆመች።

«እነዚህ ሠላሳዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን መድኃኒት ይረጫሉ፣ አዴር። እነዚህ ሠላሳዎቹ ውሃ ብቻ ነው የሚረጩት።»

«እነዚህስ ምን አጠፉ?» አለ ሱጉሌ።

«ምንም። ለማነጻጸሪያ ናቸው» አለች፤ ስልኳ ጠራ፤ እያወራች ወጣች። የተቋረጠውን ነገር ደግማ አልቀጠለችውም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀም። ነገሩ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው።

መድኃኒቱ ምን እንደሆነ የነገረው ቀናው ነው። ቀናው የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነው፤ ከደጀን መጥቶ አሥራ ስድስት ዓመት ጂግጂጋ የኖረ ሰው። ሁለቱ እኩያ ናቸው፤ ሲገናኙ እሱ በሰባራ ሶማሊኛ፣ ሱጉሌ በሰባራ አማርኛ ይሰዳደባሉ። ቁም ነገር ሲሆን ግን በአማርኛ ነው የሚያወሩት።

«ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይባላል» አለው ቀናው። «ጤና ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡበት አረፋ የሚያወጣው አለ አይደል? እሱ ነው፤ በጣም ቀጥኖ።»

«ቁስል የላቸውም እኮ።»

«ስማኝ እንጂ። ድንች ልጠህ ስታስቀምጠው አይጠቁርም? ብረትስ አይዝግም? ኦክስጅን ነው እንደዚያ የሚያደርጋቸው። ቅጠል ውስጥም እንደዚያ ያለ ዝገት አለ። ተክል ‹እደግ› የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት ሆርሞን አለው፤ ያን ሆርሞን ሰምተው ሥራ የሚጀምሩ ፕሮቲኖች ደግሞ አሉ። ልጅቷ የምትለው፣ እነዚህ ፕሮቲኖች በጣም ትንሽ ዝገት ሲያርፍባቸው ይነቃሉ፣ ትእዛዙን አጥርተው ይሰማሉ፣ ተክሉም ይመዘዛል ነው። ሲበዛባቸው ግን ይሰበራሉ። ያቺን ትንሽ ነው የምትፈልገው።»

ሱጉሌ የሰማውን ይዞ ሄደ። ሌላው ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰው ነበር፤ እሱ ግን ሆዱ ውስጥ አስቀመጠው። ቅጠሉ ውስጥ እልፍ አእላፍ ትንንሽ ፍጥረቶች ጆሯቸውን አቅንተው «እደግ» የሚል ድምፅ ሲጠብቁ ታዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላስቲክ ቤቱ ሲገባ በእግሩ ጣቶች መራመድ ጀመረ። እንዳይረብሻቸው ነው።

ማለዳ ላይ ያ ቤት ሌላ ዓለም ነው። ውጭ ነፋሱ ከካራማራ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ባጃጁ ይጮኻል፤ ውስጥ ግን ነጭ ብርሃን ብቻ አለ፣ የሚወርድ እንጂ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። ላስቲኩ ላይ ያደረው እንፋሎት ጠብ ይላል። ሱጉሌ እዚያ ሲቆም የት እንዳለ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። አንዳንዴ አምሳ ሊሞላው ነው፤ አንዳንዴ አሥራ ሦስት ነው፣ ድንኳን ውስጥ ተሰልፎ ተራውን እየጠበቀ ነው። ችግኞቹም ዝም ይላሉ፣ እሱም ዝም ይላል፤ ተስማምተዋል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ሁለተኛው መደዳ አንጀቱን የበላው። እነዚያኞቹ መድኃኒት አላቸው፣ የሚያነቃቸው አላቸው። እነዚህ ምን አላቸው? ውሃ። ውሃማ ለድንጋይም ይዘንባል። አንድ አፈር፣ አንድ ፀሐይ፣ አንድ እናት የወለደቻቸው ዘሮች፤ አንዱ ወገን ይሰጠዋል፣ አንዱ ወገን ቆሞ ያያል። የቲም ማለት ሌላ ምንድን ነው? እጁ ሳያዝዘው ተነሳ። ቢስሚላሂ ብሎ በአንደኛዋ ችግኝ አናት ላይ መዳፉን አሳለፈ፤ ቀስ አድርጎ፣ ከወዲህ ወደዚያ። ቀጥሎ ሁለተኛዋን። ቀጥሎ ሦስተኛዋን። መደዳውን ጨርሶ ሲወጣ ልቡ ቀሎት ነበር።

በማግስቱም ዳበሳቸው። በየቀኑ፣ ከሱብሒ በኋላ፣ አንድ ጊዜ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያልነካት አሥራ ሰባት ቁጥርን ብቻ ነው። እሷ ከመሀል ምሰሶው ሥር ነበረች፤ ምሰሶው ላይ ተርብ ቤት ሠርቶ ነበርና በሁለተኛው ቀን እጁን ሲዘረጋ የዓይኑን ቆብ ነደፈው። ዓይኑ አብጦ ቀናው ለሦስት ቀን ሳቀበት። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ቁጥርን ከሩቅ ሰላም እያለ ያልፋት ነበር፤ በልቡ ይቅርታ እየጠየቀ።

የቲማቲም ቅጠል ሲዳሰስ እጅ ላይ አረንጓዴ ይተዋል፣ ሽታውም በሳሙና አይለቅም። ሀምሴ ምሳ ስታቀርብለት መዳፉን ይዛ አሸተተች።

«የሰው ባል ሲባልግ ሽቶ ሽቶ ይላል» አለችው። «የእኔው ቲማቲም ቲማቲም ይላል። የትኛዋ ሰላጣ ሻጭ ናት?»

ሱጉሌ ሳቀ እንጂ አልነገራትም። ለአላህ የሚደረግ ነገር አይወራም ብሎ ነው። ለማንም አልነገረም።

በሰባተኛው ሳምንት ዐያን ማስመሪያዋን ይዛ ገባች። አንድ በአንድ ለካች፤ ቀናው ጻፈላት። መድኃኒት የተረጩት ከውሃዎቹ በግማሽ ስንዝር ይበልጡ ነበር፤ ለመለካትም አያስፈልግም፣ በዓይን ይታያል። ዐያን ማስመሪያውን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ለሦስት ዓመት ስታስበው የኖረችው ነገር ፊቷ ቆሞ ነበር። ከዚያ ዞራ ሱጉሌን አየችው።

«እጅህ በረካ አለው፣ አዴር» አለችው።

ደስታዋ ደስ አሰኘው። ውሃዎቹ በማጠራቸው ግን ሆዱ ባባ። ይህን ያህል እየዳበሳቸው!

«አንዷ ብቻ አስቸገረችኝ» አለች ዐያን ወደ ምሰሶው እየሄደች። «አሥራ ሰባት ቁጥር። ከውሃዎቹ ናት፤ ግን መድኃኒት እንደተረጩት ረዝማለች። ምናልባት ስንረጭ ነፋስ ወስዶባት ይሆናል። ከስሌቱ እናውጣት።»

ቀናው ቁጥሯን ሰረዘ። ሁለቱ እያወሩ ወጡ። ሱጉሌ ብቻውን ቀረ።

አሥራ ሰባት ቁጥር ከምሰሶው ሥር ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ማንም ያልዳበሳት። ከጎኗ አሥራ ስድስት አለች፣ ከወዲህ አሥራ ስምንት፤ ሁለቱም ድርቅ ያሉ አጫጭር፣ ግንዳቸው የወፈረ። ሱጉሌ እጁን አየ። እንደገና ችግኞቹን አየ። ያ የሚወደው ነጭ ብርሃን ድንገት የበዛበት መሰለው፤ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

ሁለት ቀን ቆይቶ ቀናውን እንደ ዋዛ ጠየቀው። «ቅጠል በእጅ ቢነካ ምን ይሆናል?»

«ለምን ጠየቅክ?»

«እንዲሁ።»

ቀናው እንዲሁ የሚባል ነገር አይወድም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ተመልሶ መጣ። «ጉድ ነው፤ ለካ ተክል ይሰማዋል። በየቀኑ ሲነካ ነፋስ የሚመታው ይመስለዋል። ውስጡ ያው የነገርኩህ ዓይነት ዝገት ብልጭ ይላል፤ ግን የሚነቃው ሌላ ትእዛዝ ነው፤ ‹አትርዘም፣ ወፍር፣ ነፋስ እየመጣ ነው› የሚል። ተክሉም የሚያስረዝመውን ሆርሞን ይቀንሳል። ያው አንድ ዝገት እኮ ነው፤ እንደ አመጣጡ አንዱን ያስረዝማል፣ አንዱን ያሳጥራል።» ከዚያ ሱጉሌን ከላይ እስከ ታች ቃኘውና ፈገግ አለ። «አንተንስ በሕፃንነትህ ማን ዳብሶህ ነው?»

ቀናው ምን ያውቃል፤ እንደ ልማዱ መቀለዱ ነበር። ሱጉሌ ግን ሊስቅ ሞክሮ አቃተው፤ አካፋውን አንስቶ ሄደ።

የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ ከተከላቸው ዛፎች አንዱ ሥር ጋደም ብሎ ሸለብ አደረገው። መዓሊሙ በመስመሩ ሲመጡ አየ። መዳፋቸው ራስ ላይ ያርፋል፣ ልጁም ያንሳል። ቀጥሎ ያለው ላይ ያርፋል፣ እሱም ያንሳል። እንዲያው እያነሱ እያነሱ የባልዲ ችግኝ አከሉ። «መዓሊም፣ ተው» ሊላቸው ይፈልጋል፤ ደግሞ ተራው እንዳያልፈው ፈራ፤ እጃቸውን ይፈልገዋል። ሲነቃ ጉንጩ ረጥቦ ነበር። እጁን ከሥሩ አውጥቶ አፈር ላይ ጠረገው።

አሁን ምን ያድርግ? ዐያን ወረቀቷን ጨርሳለች። መድኃኒቱ አስረዘመ ብላ ጽፋለች፤ መድኃኒቱ ግን ምንም አላስረዘመም፤ ውሃዎቹን ያሳጠረው የእሱ እጅ ነው። ይህን የሚያውቅ ከአላህ በታች እሱ ብቻ ነው። ዝም ቢል ልጅቷ በሰኔ መምህር ትሆናለች። ቢናገር ቦታው ይሄዳል። እሷም የቲም ናት። የየቲምን ሐቅ፣ የሚገባውን ድርሻ፣ የበላ ሆዱ ውስጥ እሳት በላ፤ ይህን ሲቀራ ነው ያደገው። ግን ሐቋ የትኛው ነው፤ ሥራው ነው ወይስ እውነቱ? አንድ ቀን ይኼ ይመስለዋል፣ በማግስቱ ያኛው። የሚበላው አልጥም አለው። ሀምሴ «ሰላጣ ሻጯ ጥላህ ሄደች እንዴ?» ብትለው እንኳ አልመለሰላትም፤ ያኔ ነው የደነገጠችው።

ይባስ ብሎ የዐያን እናት ከቀብሪበያ በሚኒባስ መጣች። ኢልሀም ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰውን በዓይኗ የምትይዝ ሴት። ሙሉ ማሰሮ ወተት ለሱጉሌ ይዛለት ነበር።

«ልጄ ስላንተ ነግራኛለች» አለችው። «እኔ ሃያ ዓመት ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ወተት ሸጥኩ። በሰኔ እቤቴ እገባለሁ። አንተ ባትጠነቀቅላት ያ ሁሉ ችግኝ ይደርቅ ነበር። አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ።»

ሱጉሌ ወተቱን ተቀበለ። አመሰገነ። ዞር ብሎ ማሰሮውን ዛፉ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ወተት አንድ ጉንጭ እንኳ መጠጣት እንደማይገባው አወቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል ቀናው፤ አንዳንዱ እውነት ግን የሚጠራው ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ማንን ይጠቅማል?

በማግስቱ ማለዳ ዐያን ወረቀቷን ለማሳተም ልትወጣ ስትል ላስቲክ ቤቱ በር ላይ ጠበቃት።

«ግቢ፣ የምነግርሽ አለ» አላት። ገባች። «ችግኞችሽን ነክቻቸዋለሁ።»

«ስታጠጣ?»

«ሆን ብዬ። ውሃዎቹን። በየቀኑ፣ ከሱብሒ በኋላ፣ እንዲህ አድርጌ።» አየር ላይ መዳፉን አሳለፈ። «ከአሥራ ሰባት ቁጥር በቀር ሁሉንም። እሷ ጋ ተርብ ነበረ።»

ዐያን ብልህ ናት፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገም። ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ዞረች፣ ወደ አሥራ ስድስት ዞረች። ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቀረች።

«ለምን እነሱን ብቻ?» አለች በመጨረሻ።

«ምንም ያልተሰጣቸው እነሱ ናቸዋ።»

ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ሱጉሌ ሊያየው አልቻለም፤ አቀረቀረ። «ተወኝ፣ አዴር። ውጣልኝ» አለችው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። ወጣ። በሕይወቱ ብዙ ተቆጥተውታል፣ ተሰድቧል፣ ተገፍቷል፤ እንደዚያች እንዳልተቆጣች ድምፅ ግን አንጀቱን የቆረጠው የለም።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን አልታየችም። ሱጉሌ መሣሪያዎቹን አጥቦ ደረደረ፤ ቁልፎቹን በአንድ ገመድ አሰረ። የሚባረር ሰው ንብረት ሲያስረክብ እንዳይንከራተት ብሎ ነው። ለሀምሴም ነገራት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችበትም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ቆየች።

በስድስተኛው ቀን ከዩኒቨርሲቲው ሦስት ፈታኞች መጡ። የአዳራሹ በር ተዘጋ። ቀናው ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ስለነበር ውስጥ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጥቶ በቀጥታ ሱጉሌ ወዳለበት መጣ።

«ነገረቻቸው» አለ። «መጀመሪያ ገጽ ላይ ቆማ ‹መድኃኒቴ መሥራቱን ማሳየት አልቻልኩም፤ ማነጻጸሪያዎቼ በየቀኑ ሲነኩ ነበር› አለች። የዚያን የልኬት ቀን ደስታ ሁሉ በአንድ ቃል አጠፋችው። አንደኛው ዶክተር፣ ‹ማነው የነካው?› ብለው ጠየቋት።»

ሱጉሌ ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ።

«አስቀምጠው» አለ ቀናው። «‹ጥፋቱ የእኔ ነው› አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቋት፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ አለች። ስምህን አልጠራችም። እንደገና ሥሪ ብለው አንድ ዓመት ሰጧት። ቦታው ግን ሄዷል፤ ለተከታዩ ነው።»

ሱጉሌ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ቀናው አጠገቡ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ቆየና ሥራ እንዳለው ነገር ሄደ። ሱጉሌ ፊቱን ታጠበ። ከዚያ ንዴት መጣበት። ለእሱ ብላ መዋሸቷ አናደደው፤ አሁንስ ልንገራት ብሎ ተነሳ።

ላስቲክ ቤቱ ውስጥ አገኛት። የፈተናውን ቀሚሷን ሳትቀይር እጅጌዋን ጠቅልላ፣ አሮጌዎቹን ችግኞች እየነቀለች አፈሩን እያራገፈች ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ለምን ዋሸሽ?» አላት። «የነካሁት እኔ ነኝ።»

«አልዋሸሁም» አለች ቀና ሳትል። «አንተ በየቀኑ እዚህ ነበርክ። እኔ ያን ቀን ‹እነዚህስ ምን አጠፉ?› ያልከኝን በቅጡ አልመለስኩልህም። ስልክ አነሳሁ። ጥናቱን ያበላሸው ያ ነው።» አንድ ባልዲ ገፋችለት። «ተቀመጥ። አሁን ልመልስልህ።»

ተቀመጠ። እሷም አፈር በነካው እጇ ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነገር እኔ አላየውም፣ አዴር፤ ማንም በዓይኑ አያየውም። ዝገቱ ፕሮቲኑ ላይ አረፈ፣ ሆርሞኑ ተሰማ፣ ተክሉ አደገ እላለሁ፤ ግን ያስረዘመው መድኃኒቴ ይሁን ፀሐዩ፣ አፈሩ ይሁን የአንተ እጅ፣ እንዴት አውቃለሁ? የሚነግሩኝ እነዚያ ናቸው። ውሃ ብቻ ጠጥተው ዝም ብለው የሚያድጉት። እነሱ ከሌሉ የኔ ሥራ ሁሉ ወሬ ነው። አንተ ምንም አልተሰጣቸውም ብለህ አዘንክላቸው፤ እኔ ግን እምነቴን ሁሉ የሰጠሁት ለእነሱ ነበር።»

ውጭ ነፋሱ ላስቲኩን ይገፋዋል፣ ይለቀዋል።

«ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ ሱጉሌ፣ «ከሌላው ሰው እጅም እጠብቃቸው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ዐያን። «እሱን ነው እኮ የምለው።»